ጭምቷ መበለትና ሁለቱ ድንኳኖች

የዮዲት ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ድንኳን ተተክላ ነበር። ከታች ያለው ቤት ባዶ አልነበረም፤ ባሏ ምናሴ ሲሞት ወርቅና ብር፣ ከብትና እርሻ፣ ወንድና ሴት አገልጋዮችም ትቶላታል። እሷ ግን ሀብቱን ሁሉ ለደንገጡሯ አስረክባ ወደ ላይ ወጣች። ወገቧን በማቅ ታጠቀች፤ የመበለት ልብሷን ለበሰች። ከሰንበትና ከዋዜማው፣ ከወር መባቻና ከዋዜማው፣ ከበዓላትም ቀን በቀር በየቀኑ ጾመች። እንዲህ ሆና 3 ዓመት ከ4 ወር ተቀመጠች።

በጥንቷ እስራኤል የቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው በበጋ ይተኛበት፣ እህል ያሰጣበት፣ ይጸልይበት ነበር። ስለዚህ ጣሪያ ላይ መውጣቷ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር አለመውረዷ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማው ይታያል፤ ጎረቤት ሲጣላና ሲታረቅ ይሰማል። ዮዲት ከተማዋን ጥላ አልሄደችም። በእሷና በከተማዋ መካከል ግን የአንድ ፎቅ ያህል ርቀት አኖረች።

እንዲህ ያለችውን ሴት የምንጠራበት ጥሩ ቃል በአማርኛ አለን፦ ጭምት። ጭምት ሰው ፈሪ አይደለም፤ ኩሩም አይደለም። የሚናገረውን ይመዝናል፣ የሚገባበትን ቤት ይመርጣል፣ ሐዘኑን አደባባይ አያወጣም። በከተማዋ በቤቱሊያ ስለ ዮዲት አንድም ክፉ ወሬ እንዳልተወራ መጽሐፈ ዮዲት ይመሰክርላታል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ለምትኖር ቆንጆና ሀብታም መበለት ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም። በእኛም አገር ባሏ የሞተባት ሴት ከል ለብሳ ስትቆይ፣ ጊዜው ሲደርስ ዘመድ አዝማድ ከሉን እንድታወልቅ ይለምናታል። ዮዲትን የለመናት ዘመድ ስለመኖሩ ምንም አልተጻፈም። ማቋን ያስወለቃት ጦርነት ነው።

ስለ ጀግና ሴቶች ሲወራ ሁልጊዜ ሰይፉ ይቀድማል። የዮዲትንም ታሪክ ብዙ ሰው የሚያውቀው በመጨረሻው ሌሊት፣ በተቆረጠው የጠላት ጦር አለቃ ራስ ነው። እኔ ግን ይህን መጽሐፍ በደጋገምኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ከሰይፉ በፊት ባለው ነገር ላይ ሆኗል፤ በጣሪያው ድንኳን፣ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በቆየ ልብስ፣ በአንድ የስንቅ ከረጢት ላይ። የሴትዮዋ ድፍረት ከየት እንደመጣ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ስለ መጽሐፉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። መጽሐፈ ዮዲት 16 ምዕራፎች አሉት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ ትቀበለዋለች፤ ካቶሊኮችና ሌሎች ኦርቶዶክሳውያንም እንዲሁ። በአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ውስጥ ግን አልገባም፤ ፕሮቴስታንቶችም ከዋናው ዝርዝር ውጭ ያደርጉታል። የሚገርመው፣ ዮዲት በራሷ መጽሐፍ ውስጥ የምትታየው ከስምንተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ነው። ሰባቱ ምዕራፎች ሙሉ በሙሉ የነገሥታት፣ የጦር አለቆችና የሽማግሌዎች ናቸው። አንባቢው ወንዶቹ የሚያውቁትን ዘዴ ሁሉ ሞክረው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው ጸሐፊው ወደ ጣሪያው ቀና የሚለው።

ታሪኩ ናቡከደነፆርን በነነዌ የነገሠ የአሦር ንጉሥ ያደርገዋል። በታሪክ የሚታወቀው ናቡከደነፆር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ605 እስከ 562 የገዛው የባቢሎን ንጉሥ ነው፤ ነነዌም እሱ ከመንገሡ አስቀድሞ በ612 ፈርሳለች። የጦር አለቃው የሆሎፎርኒስ ስም ደግሞ የፋርስ ነው። በዚህና በሌሎችም ምክንያቶች ብዙ ተመራማሪዎች መጽሐፉ የተጻፈው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሁለተኛው ወይም በአንደኛው መቶ ዓመት፣ ከአይሁድ አርበኞች ከመቃብያን ትግል ጋር በሚቀራረብ ዘመን ነው ይላሉ። የጥንቱ አድማጭ የነነዌንና የባቢሎንን ልዩነት አሳምሮ ያውቅ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ጸሐፊው አሦርን፣ ባቢሎንንና ፋርስን አንድ ላይ የቀላቀለው ሆን ብሎ ነው፤ ሕዝቡን የረገጡትን ኃያላን ሁሉ በአንድ ድንኳን አስገብቶ በአንዲት ሴት ፊት ሊያቆማቸው። ስሟ ራሱ «አይሁዳዊት ሴት» ማለት ነው።

በእኛ አገር ይህ ስም ሌላም ትዝታ ይዟል። አክሱምን አጠፋች ተብላ የምትነገረው ንግሥት በብዙዎች አፍ ዮዲት ትባላለች፤ ጉዲትም ይሏታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። አንዷ አጥፊ ተብላ ትታወሳለች፤ ሌላዋ ከተማዋን ከጥፋት ያዳነች ናት።

ምናሴ የሞተው ጦር ሜዳ ላይ አይደለም። የገብስ አጨዳ ወቅት ነበር። ነዶ የሚያስሩትን ሰዎች ቆሞ ሲያሠራ የፀሐዩ ግለት አናቱን መታው፤ ገብቶ ተኛ፤ በዚያው አልተነሣም። ማንም የማይከሰስበት፣ ማንም የማይበቀለው ሞት ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን ወዴትም መውጫ የለውም። ቁጣ ቢሆን አቅጣጫ ይኖረው ነበር፤ ዮዲት ግን የምትቆጣው ሰው አልነበራትም። ልጅ እንደነበራትም አልተጻፈም። ስለ ትዳራቸው መጽሐፉ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ከአንድ ነገድና ከአንድ ወገን እንደነበሩ ብቻ። ይወዳት እንደሆነ፣ ትወደው እንደሆነ በቀጥታ የተባለ ነገር የለም። ግን 3 ዓመት ከ4 ወር አለ።

አሁን ጦሩ መጣ። ሆሎፎርኒስ 120,000 እግረኛና 12,000 ፈረሰኛ ቀስተኛ ይዞ ከነነዌ ተነሣ። በመንገዱ ያሉት ከተሞች ከበሮ እየመቱ፣ የአበባ ጉንጉን ይዘው ተቀበሉት፤ እሱ ግን መቅደሶቻቸውን አፈረሰ። ወደ ይሁዳ የሚያስገባው በር የቤቱሊያ ተራራ ነበር። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። ከኢየሩሳሌም ሊቀ ካህናቱ መተላለፊያውን ያዙ ብሎ ላከ፤ የቤቱሊያ ሰዎችም ያዙ። እንግዲህ ያቺ ትንሽ ከተማ ከወደቀች የኢየሩሳሌሙ መቅደስም አብሮ ሊወድቅ ነው።

የአካባቢውን ተራሮች የሚያውቁ የጎረቤት ሕዝብ አለቆች ለሆሎፎርኒስ አንድ ምክር ሰጡት፦ አትዋጋ፣ ውሃቸውን ያዝ። ምንጩ ከተራራው ግርጌ ነበር። ጦሩ ምንጩን ያዘ፤ ተቀምጦም ጠበቀ። 34 ቀን አለፈ። የውሃ ማከማቻ ጉድጓዶቹ ነጠፉ፤ ውሃ በልክ ይሰፈር ጀመር። ሴቶችና ጎረምሶች መንገድ ላይ ተዝለፍልፈው ይወድቁ ነበር። ሕዝቡ ተሰብስቦ አለቃው ዖዝያን ላይ ጮኸ፤ ልጆቻችን ዓይናችን እያየ በጥም ከሚሞቱ ባሪያ ሆነን ብንኖር ይሻላል አለው። ዖዝያን ክፉ ሰው አይደለም። አለቀሰ፣ ለመናቸው፣ በመጨረሻም አንድ ቀጠሮ ሰጠ፦ አምስት ቀን እንታገሥ፤ እስከዚያ እግዚአብሔር ካልረዳን እጃችንን እንሰጣለን።

ይህ ወሬ ጣሪያው ላይ ደረሰ።

ዮዲት አልወረደችም። ደንገጡሯን ልካ የከተማውን ሽማግሌዎች ወደ እሷ አስጠራቻቸው። ሦስት ዓመት የተዘጋች ሴት አለቆቹን ደረጃ አስወጥታ ከድንኳኗ ደጅ አቆመቻቸው። ያለችውም ነገር ጠንካራ ነው። ለእግዚአብሔር የአምስት ቀን ቀጠሮ የሰጣችሁት እናንተ ማን ናችሁ? የሰውን ልብ ጥልቀት እንኳ መርምራችሁ የማትደርሱበት፣ የፈጣሪን አሳብ እንዴት በቀን ትገድቡታላችሁ? እያለች ወቀሰቻቸው። ዖዝያን ንግግሯ ትክክል መሆኑን አመነ፤ ጥበቧም ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ መሰከረላት። ከዚያ ግን አንቺ ጻድቅ ሴት ነሽና ጸልይልን፣ ዝናብ ዘንቦ ጉድጓዱ ይሞላል አላት።

እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ዖዝያን ከዚህች ሴት የሚጠብቀው ጸሎት ብቻ ነው። ጭምት መሆኗን አይቶ ከጸሎት በቀር ሌላ የላትም ብሎ ደመደመ። እሷም አልተከራከረችውም። አንድ ነገር ላደርግ ነው፣ ዛሬ ሌሊት በሩን ክፈቱልኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ አለች። የዝምታ ልማዷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጦር ዘዴ ሆኖ አገለገላት። ያልተነገረ ዕቅድ አይሾልክም።

በዚህ መንገድ የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት ግን ዮዲት አይደለችም። በመጽሐፈ መሳፍንት የከነዓን ንጉሥ 900 የብረት ሠረገላ ይዞ እስራኤልን 20 ዓመት ሲያስጨንቅ፣ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምትፈርደው ነቢይት ዲቦራ ባርቅን ጠርታ ዝመት አለችው፤ እሱም አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም አላት። የጦር አለቃው ሲሣራ ተሸንፎ በእግሩ ሲሸሽ ደግሞ የቄናዊው የሔቤር ሚስት ኢያዔል ወደ ድንኳኗ አስገባችው። ውሃ ቢለምናት የወተቱን አቁማዳ ፈትታ አጠጣችው፤ ሸፈነችው፤ ሲያንቀላፋም የድንኳን ካስማ በመዶሻ ጆሮ ግንዱ ላይ መታችበት። ድንኳን መትከልና መንቀል በብዙ ዘላኖች ዘንድ የሴቶች ሥራ ነው፤ ካስማና መዶሻውን እጇ ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል። ኢያዔል የሚለው ስም የተራራ ፍየል ማለት ነው፤ የእኛ የስሜን ዋልያ የቅርብ ዘመድ።

የመጽሐፈ ዮዲት ጸሐፊ ይህን ታሪክ በልቡ ይዞ እንደጻፈ ግልጽ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ አይሁድም ሁለቱን አቀራርበዋቸዋል፤ ዮዲት ጠላቷን አይብ አብልታ አስጠማችው፣ ከዚያም በወይን አሰከረችው የሚል ትረካ አላቸው፤ በሐኑካ በዓል የወተት ምግብ የመብላት ልማድም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሲሣራ ወደ ኢያዔል ድንኳን የመጣው በራሱ እግር ነው። ኢያዔል በደጇ፣ በገዛ ዕቃዋ ነው ያደረገችው። ሆሎፎርኒስ ግን ወደ ዮዲት ጣሪያ አይመጣም። ዮዲት ከራሷ ድንኳን ወጥታ ወደ እሱ ድንኳን መሄድ አለባት። በሁለቱ ድንኳኖች መካከል ደግሞ አንድ ሸለቆና አንድ ሙሉ ጦር አለ።

ከጸለየች በኋላ ማቋን አወለቀች። ገላዋን ታጠበች፤ በጥም ባለቀች ከተማ ውስጥ ይህ ውሃ ምን ያህል ውድ እንደነበር አስቡት። ሽቱ ተቀባች፤ ጠጉሯን አበጠረች። ቀጥሎ የለበሰችው ልብስ የትኛው እንደነበር መጽሐፉ ለይቶ ይነግረናል፦ ምናሴ በሕይወት ሳለ በደስታ ቀን ትለብሰው የነበረውን ነው። ጫማዋን፣ አልቦዋን፣ አምባሯን፣ ቀለበቷን፣ ጉትቻዋን አደረገች።

ይህን ዝርዝር ብዙ ሰባኪና ብዙ ሠዓሊ እንደ ወጥመድ ብቻ አይቶታል። ወጥመድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሣጥኑን ስትከፍት ያለውን ቅጽበት ማለፍ አልችልም። የሞተ ሰው ያየው፣ ያደነቀው ልብስ ነው። ባልየው ከሞተ ወዲህ አልተነካም፤ የሽቱው ሽታ ጨርሶ አልለቀቀው ይሆናል። ባል የሞተባት ሴት እንዲህ ያለውን ልብስ ዳግም ለመልበስ ምን ዓይነት ልብ እንደሚያስፈልጋት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔን ብትጠይቁኝ የዮዲት ትልቁ ድፍረት የተፈጸመው እዚያ ነው፤ ሰይፉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ለባሏ ትዝታ አጥር አድርጋ የሠራችውን ማቅ ጥላ፣ ራሱን ትዝታውን ለብሳ ወጣች።

ከዚያ የስንቁ ነገር አለ። ለደንገጡሯ የወይን አቁማዳና የዘይት ማሰሮ አስያዘቻት፤ ከረጢት ውስጥም ቆሎ፣ የደረቀ በለስ ጥፍጥፍና ንጹሕ ዳቦ አደረገች። ለጾመኛ ሰው ስንቅ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ የአሕዛብ ማዕድ ላይ አትበላም። ጠላት ሠፈር ደርሳ ሆሎፎርኒስ ግብር ሲጋብዛት ይህን ነገረችው፤ እሱም አልጠረጠረም። የያዝሽው ቢያልቅብሽ ከየት እናመጣልሻለን? ብሎም አሰበላት። እሷ የመለሰችው በሁለት የሚተረጐም ቃል ነው፦ እግዚአብሔር ያሰበውን በእጄ ሳይፈጽም ስንቄ አያልቅም። እሱ ድሉ የእሱ የሆነ መሰለው።

ዘዴዋ ከዚህ በላይ ረቂቅ ነው። ሕዝቤ በረሀብ ምክንያት ለመቅደስ የተለየውን አሥራትና በኵራት ሊበላ ነው፤ በበላ ቀን እግዚአብሔር ይተወዋል፤ እኔ በየሌሊቱ ወደ ሸለቆው ወርጄ ስጸልይ ኃጢአቱ መፈጸሙን ይነግረኛል፣ ያን ጊዜ መጥቼ አሳውቅሃለሁ አለችው። ሆሎፎርኒስም ዘበኞቹን እንዳትከለክሏት ብሎ አዘዘ። በዚህም መሠረት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከደንገጡሯ ጋር ወጣች፤ ከረጢቱም አብሯቸው ነው። ምንጩ ዘንድ ታጠበች፣ ጸለየች፣ ተመለሰች። በመጀመሪያው ሌሊት ዘበኞቹ ዓይናቸውን አልነቀሉም ይሆናል። በሦስተኛው ሌሊት ግን ሁለት ሴቶች ከረጢት ይዘው ማለፋቸው እንደ ጨረቃዋ መውጣት ያለ ነገር ሆኗል። አብዛኛው ሰው ይህን ታሪክ ሲተርክ ሦስቱን ሌሊቶች ይዘላቸዋል። የማምለጫው መንገድ የተሠራው ግን በእነዚያ ሌሊቶች ነው። ለዓመታት በሥርዓት የጾመች፣ ሰንበቱን ከአዘቦቱ ለይታ የቆጠረች ሴት ልማድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን ሆሎፎርኒስ ግብር አገባ። ጃንደረባውን ልኮ አስጠራት፤ መጣች። በተወለደ ዘመኑ ጠጥቶ የማያውቀውን ያህል ወይን ጠጣ። እንግዶቹ ወጡ፤ ጃንደረባው ድንኳኑን ከውጭ ዘጋ። ደንገጡሯ እንደየሌሊቱ ለጸሎት እስኪወጡ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ውስጥ ሁለቱ ቀሩ፤ እሱ አልጋው ላይ በወይን ተዘርሯል። ዮዲት በልቧ ጸለየች። በራስጌው ካለው የአልጋ ምሰሶ ሰይፉን አወረደች። ጠጉሩን ጨብጣ ኃይል እንዲሰጣት ደግማ ለመነች። አንገቱን ሁለት ጊዜ መታች።

ሁለት ጊዜ መሆኑ ሳይዘለል መጻፉ ደስ ይለኛል። ዮዲት ሰይፍ የለመደች አይደለችም፤ አንድ ምት አልበቃም። የሠለጠነ ተዋጊ ቢሆን በአንድ ምት ይጨርስ ነበር፤ እሷ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል፣ ደግማ መታች። ሬሳውን ከአልጋው አንከባለለች፤ በወርቅና በከበረ ድንጋይ የተሠራውን የአልጋውን መጋረጃ ከምሰሶው ላይ አወረደች። ራሱን ለደንገጡሯ ሰጠቻት፤ ደንገጡሯም ዳቦና ቆሎ በነበረበት ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ለጸሎት ወጡ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ይህች ደንገጡር ስሟ አልተጻፈም። ዮዲት ጣሪያ ላይ ስትሆን ቤቱን፣ እርሻውን፣ ከብቱን ታስተዳድር የነበረችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹን የጠራችው፣ ስንቁን የተሸከመችው፣ ደጁን የጠበቀችው፣ የጠላትን ራስ በጨለማ ተሸክማ ተራራ የወጣችው እሷ ናት። ከዮዲት ጋር ተይዛ ብትሆን ኖሮ አብራት ትሞት ነበር። ጭምት ሰው ብዙ ወዳጅ የለውም፤ ያለው አንድ ግን እንዲህ ያለ ነው። ጣሊያናዊቷ ሠዓሊ አርጤሚሲያ ጀንቲሌስኪ ይህን ከሁሉ ቀድማ ያየች ይመስለኛል። ከእሷ ቀደም ብሎ ሠዓሊው ካራቫጆ በሣለው ሥዕል ደንገጡሯ አሮጊት ናት፤ ከረጢት ይዛ በዳር ቆማ ታያለች። አርጤሚሲያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1612 ገደማ በሣለችው ግን ደንገጡሯ ወጣት ናት፤ በሙሉ ጉልበቷ ሆሎፎርኒስን አልጋው ላይ ይዛ ትታገላለች። የዮዲት እጅጌ ተጠቅልሏል፤ ክንዷ የሥራ ሴት ክንድ ነው። አርጤሚሲያ ራሷ በ1611 በአንድ ሠዓሊ ተደፍራ፣ በ1612 ሮም ፍርድ ቤት ቆማ ቃሏን ሰጥታለች። ሴት ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምትሆን፣ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ምን ሊደረግ እንደሚችል ከመጽሐፍ አልተማረችውም።

ዮዲት ከሩቅ ሆና በሩን ክፈቱ ብላ ጮኸች። ከተማው እሳት አንድዶ በዙሪያዋ ተሰበሰበ። በማለዳ ራሱ ከግንቡ ላይ ተሰቀለ፤ ጃንደረባው ጌታውን ሊቀሰቅስ ድንኳኑን ሲመታ ያገኘውን አገኘ፤ ያ ሁሉ ጦር በየመንገዱ ተበተነ። ይህን ክፍል ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለት ነገር ግን ሳልል አላልፍም። የመጀመሪያው ውሸቷ ነው። ዮዲት ዋሽታለች፤ በውበቷም አታልላለች። ይህ የከነከናቸው አንባቢዎች በየዘመኑ ነበሩ፤ መከንከኑም ተገቢ ነው። እኔ ፍርዴን የምሰጠው የነበራትን ምርጫ አይቼ ነው። በአንድ በኩል የአምስት ቀን ቀጠሮና በጥም የሚወድቁ ልጆች፣ በሌላ በኩል መቅደስ ሲያፈርስ የመጣ ሰው። ሰይፍ ያላቸው ወንዶች በግንቡ ውስጥ ተቀምጠዋል። እሷ የነበራት አንደበት፣ መልክና አንዲት ደንገጡር ነው። በዚያ ወጣች። እጇንም ከጦሩ አለቃ በቀር በማንም ላይ አላነሣችም።

ሁለተኛው ፍቅር ነው። የኋለኛው ዘመን ደራስያን ዮዲትን ያለ ፍቅር ታሪክ መተው አልሆነላቸውም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሄበል በ1840 በጻፈው ተውኔት በእሷና በሆሎፎርኒስ መካከል የመሳሳብና የመጥላት ትግል ፈጥሯል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። ድፍረቷን ለማስረዳት በጠላቷ መማረክ አለባት ብሎ ማሰብ፣ ሴትዮዋ ቀድሞ የነበራትን ፍቅር አለማየት ነው። ስለ ዮዲት የጻፈው ቀደምት ክርስቲያን፣ ቀሌምንጦስ ዘሮም፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ወደ 96 ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት ወደ ጠላት ሠፈር ያስወጣት ለአገሯና ለተከበበው ሕዝቧ ያላት ፍቅር ነው ብሏል። አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ንባብ ከብዙ አዲስ ንባብ ይልቅ ልክ ይመስለኛል። እኔ የምጨምርበት፣ ያ ፍቅር ከበባው በተጀመረ ቀን አለመፈጠሩን ነው። ጣሪያው ላይ 3 ዓመት ከ4 ወር ለአንድ የሞተ ሰው ታማኝ ሆኖ ሲኖር ቆይቷል። ለሕያዋን የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ።

ሕዝቡ ከሆሎፎርኒስ ድንኳን የተገኘውን የብር ዕቃና አልጋ ለዮዲት ሰጣት፤ እሷም በበቅሎና በጋሪ ጭና ሴቶቹን እየመራች፣ የወይራ ቅጠል ተጎናጉነው ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። የተሰጣትን ሁሉ ከዚያ መጋረጃ ጋር ለመቅደሱ ሰጠች። ሦስት ወር በዓል ተደረገ። ከዚያ ወደ ቤቱሊያ፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ብዙዎች ሊያገቧት ፈለጉ፤ አላገባችም። በምናሴ ቤት አረጀች፤ 105 ዓመት ኖረች። ከመሞቷ በፊት ንብረቷን ለባሏ ወገኖችና ለራሷ ዘመዶች አካፈለች፤ ደንገጡሯን ነፃ አወጣቻት። በምናሴ መቃብር ዋሻ ውስጥ ተቀበረች፤ ሕዝቡም ሰባት ቀን አለቀሰላት።